ኖራ ወይስ ፖሊመር? የፍሳሽ ዝቃጭን ለማጠንፈፍ

የፍሳሽ ዝቃጭ፣ ማለትም ፍሳሽ ሲጣራ የሚቀረው ጭቃ፣ ውሃውን በቀላሉ አይለቅም። ቅንጣቶቹ ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላላቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ፖሊመር የተባለው ረጅም ሰንሰለታማ ኬሚካል እነሱን ያያይዛቸዋል። በብርጭቆ ዕቃ ስታዩት ደስ ይላል፤ ትንሽ ጠብ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ስታማስሉት ጭቃው እንደ እርጎ ይቋጠራል፣ በመሃሉ ጥርት ያለ ውሃ ይወጣል። ግን ጀርም አይገድልም። ከበዛ ደግሞ ያጣብቅና ማጣሪያውን ይደፍናል።

ኖራ ጀርም ላይ ይበረታል። ፒኤቹ (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያው) 12 ደርሶ ቢያንስ 2 ሰዓት ከቆየ አብዛኛው ባክቴሪያ ይሞታል። የአሞኒያው ሽታ ግን ዓይን ያስለቅሳል፤ ናይትሮጅኑም አብሮ ይተናል። የሚጓጓዘው ክብደትም ይጨምራል።

ዝቃጩ የሚበተንበት የማሳ አፈር አሲዳማ ከሆነ እኔ ያለ ጥርጥር ኖራን እመርጣለሁ። ካልሆነ ፖሊመር፣ ከዚያ ኮምፖስት። ከባድ ብረቶችን (እንደ ሊድ ያሉ መርዛማ ብረቶችን) ሁለቱም አያስወግዱም፤ ማሳ ላይ ከመበተኑ በፊት ላብራቶሪ ይታይ።