የድሬዳዋው የሬክቲፊካ ቤትና የአይሱዙ ሞተሬ

ከድሬዳዋ ወደ ሐረርና ወደ ጭሮ አትክልትና የግንባታ ዕቃ የማመላልስበት አንድ አይሱዙ ኤንፒአር አለኝ። ባለአራት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተሩ ባለፈው ዓመት የደንገጎን ዳገት ሲወጣ ጉልበት ያጥረው፣ ከኋላውም ሰማያዊ ጭስ ይተፋ ጀመር፤ እኔም በየሳምንቱ ዘይት መጨመር ግድ ሆነብኝ። ከዚያ በፊት በሌላ ከተማ የሚገኝ አንድ ጋራዥ ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) እና ብሮንዚኑን (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበትን ስስ ማቀፊያ) ቀይሮ «አዲስ ሆኗል» ብሎ አስረክቦኝ ነበር፤ ነገር ግን አራት ወር ሳይሞላ ሕመሙ ተመልሶ መጣ። በዚያ ጋራዥ በቆየሁባቸው ቀናት ማንም ሰው መለኪያ አንስቶ ሲለካ አላየሁም። ይህን ያስተዋልኩት ግን ዘግይቼ፣ አሁን ስለ አገልግሎቱ የምጽፍለትን የድሬዳዋ ወርክሾፕ ካየሁ በኋላ ነው።

ወርክሾፑ ከደቻቱ ብዙም ሳይርቅ በአንድ የቆርቆሮ በር ውስጥ ይገኛል፤ በሩ ላይ «ቶርኖና ሬክቲፊካ» (ብረት መቅረጫና የሞተር ክፍሎችን ፈግፍጎ በልካቸው ማስተካከያ) ከሚለው በቀር የተጻፈ ስም የለውም። ባለቤቱ ሙያውን የተማረው ከሽመንደፈር፣ ማለትም ከምድር ባቡሩ፣ ጡረታ ከወጣ ቶርኖ ሠራተኛ ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ከተማዋ አብራው ተወልዳለች፤ የምድር ባቡሩ ትልቅ ወርክሾፕም እዚሁ ተተከለ። ከፈረንሳይ በመርከብ እስኪመጣ የማይጠበቀውን መለዋወጫ እዚያው እየቀረጹ፣ 784 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውን የጂቡቲና የአዲስ አበባ መስመር ለብዙ ዓመታት ሲያስኬዱ የኖሩት የዚያ ወርክሾፕ እጆች ናቸው። በዚህ ቤት ያየሁት የሥራ ሥርዓት ከዚያ የወረደ መሆኑን ለመረዳት ጊዜ አልወሰደብኝም።

ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ተፈታ። እያንዳንዱ ክፍል ቁጥር የተመታበት የቆርቆሮ ቁራጭ በሽቦ ታሰረለት። የብረት ክፍሎቹ በሙቅ ኮስቲክ ሶዳ ሲታጠቡ፣ የአሉሚኒየሙ ክፍሎች ተለይተው በናፍጣና በሳሙና ታጠቡ፤ ኮስቲክ አሉሚኒየምን ይበላልና። ክራንክሻፍቱ (የፒስተኖቹን ምት ወደ ዙር የሚለውጠው ዘንግ) ታጥቦ እንደወጣ ይለካል ብዬ ስጠብቅ ከልጄ በዕድሜ የሚያንሰው ተለማማጅ፣ «አንተ፣ ነገ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ና፤ አሁን ብንለካው ይዋሸናል» አለኝ። (ለድሬ እንግዳ የሆነ አንባቢ እንዳይከፋው እላለሁ፤ እዚህ «አንተ» መባል ንቀት ሳይሆን ቤተሰብነት ነው።) ምክንያቱን የነገረኝ ባለቤቱ ነው። ብረት ሲሞቅ ይሰፋል፤ 70 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ዘንግ ሙቀቱ በ15 ዲግሪ ሲጨምር ከአንድ መቶኛ ሚሊ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ይወፍራል። በቀትር የድሬ ፀሐይ ከእጥበት የወጣ ብረት፣ መሳቢያ ውስጥ በዋለ ማይክሮሜትር ሲለካ የሚገኘው ቁጥር እውነተኛውን መጠን አይነግርም። ስለዚህ ዘንጉና ማይክሮሜትሩ አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አድረው ሙቀታቸው ከተስተካከለ በኋላ ጎህ ሲቀድ ይለካል።

በማግስቱ ሦስተኛው ሲሊንደር ከላይ 112.31፣ ከታች 112.05 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ፤ አዲስ ሲሆን 112 ነው። ይበልጥ የሚበላው የላይኛው ጫፍ ነው፤ ፋሻው አቅጣጫውን ለመቀየር ለቅጽበት የሚቆመው፣ እሳቱም የሚበረታው፣ የዘይቱም ሽፋን የሚሳሳው እዚያ ስለሆነ። ዲያሜትሩ በ0.31 ሚሊ ሜትር ሲሰፋ ዙሪያው አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይጨምራል፤ ይህም በሙሉ የሚደመረው በፋሻው አፍ ክፍተት ላይ ነው። የቀድሞው ጋራዥ የገጠመልኝ አዲስ ፋሻ ገና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ግፊትና ዘይት ያሳልፍ የነበረው በዚህ ምክንያት እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። የከፈልኩበት ገንዘብ አሁንም ይቆጨኛል።

የዚህ ቤት ትልቁ ሙያ ደግሞ አልሠራም ባለው ሥራ ታየኝ። የክራንክሻፍቱ አንድ አንገት (ብሮንዚኑ የሚያቅፈው ክፍል) ተቧጭሮ ነበር። እኔ 0.25 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ተፈግፍጎ በልኩ ብሮንዚን ይገጠምለታል ብዬ ነበር። ባለቤቱ ግን የእኔ ዘንግ ላዩ በፋብሪካ በናይትሮጅን የተጠናከረ መሆኑን አስረዳኝ፤ ጠንካራው ቆዳ እጅግ ስስ ስለሆነ ሩብ ሚሊ ሜትር ሲነሣለት ለስላሳው ብረት ይወጣል፤ ዕድሜውም ያጥራል። በመደርደሪያው ላይ ከተሰበሰቡት ያረጁ ሞተሮች መካከል ጤናማ ዘንግ ፈልጎ፣ ለክቶና አለስልሶ ተካልኝ። ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ላይም ቀይ ፈሳሽ ተቀብቶ ከተጠረገ በኋላ ነጭ ዱቄት ሲነፋበት በሁለት ቫልቮች መካከል ፀጉር የመሰለ ቀይ መስመር ብቅ አለ። በብየዳ ደፍኖ ገንዘቤን መቀበል ይችል ነበር፤ ስንጥቁን በጣቱ አሳይቶኝ ሌላ ቴስታታ እንድፈልግ ነገረኝ። ካሚቻዎቹም (ፒስተኖቹ የሚመላለሱባቸው የሲሊንደር ቱቦዎች) ፒስተኖቹም በአዲስ ተተኩ።

ጥገናና ዳግም ማምረት የሚለያዩት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ጥገና የተሰበረውን ፈልጎ ይተካል፤ ዳግም ማምረት ግን ሞተሩን እስከ መጨረሻዋ ብሎን ፈትቶ፣ እያንዳንዱን ክፍል ከፋብሪካው ልክ ጋር አስተያይቶ፣ የሚመለሰውን መልሶ፣ የማይመለሰውን ጥሎ፣ እንደገና ገጥሞና ፈትሾ በዋስትና ያስረክባል። የአሜሪካው የከባድ ማሽን አምራች ካተርፒላር ይህን ሥራ እንደ አንድ ራሱን የቻለ ዘርፍ የጀመረው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው። ደንበኛው አሮጌውን ክፍል ሲመልስ ያስያዘው ገንዘብ ይመለስለታል፤ ስለዚህ አሮጌው አይጠፋም። እኛ ዘንድ ያለቀ ሞተር በኪሎ ተመዝኖ ለቁራሌው ይሸጥና ወደ ማቅለጫ ይሄዳል። ሲቀልጥ ብረቱ ይተርፋል፤ በብረቱ ላይ የዋለው የቀረጻና የልኬት ሥራ ግን ይጠፋል፤ ያንኑ ሥራ እንደገና በዶላር እንገዛዋለን። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ካለፈ በኋላ፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መለዋወጫ የገዛ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሲሚንቶ ፋብሪካ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ነፃ የንግድ ቀጠናና የባቡር መስመር ባሉባት ድሬዳዋ ፓምፕ፣ ኮምፕሬሰርና ሎደር በየቀኑ ያረጃል፤ የባለቤቱን መደርደሪያ የመሰለ፣ አሮጌ ክፍሎች በቁጥርና በደረጃ ተለይተው የሚቀመጡበት ትልቅ መጋዘን ከተማዋ ቢኖራት ኢንዱስትሪው ግማሽ መንገድ ሄደ ማለት ነው።

ጉድለቱን ሳልናገር ባልፍ ግን ለአንባቢ ታማኝ አልሆንም። በ14 ቀን ይደርሳል የተባለው ሥራ 23 ቀን ፈጅቶ እኔን ከገበያ አውጥቶኛል። ከዚህ የሚከብደው ሞተሩ መቆሚያ ላይ ለአራት ሰዓት የሠራው ያለ ጭነት መሆኑ ነው፤ ቤቱ ሞተርን በጭነት የሚፈትሽ መሣሪያ የለውም። ስለዚህ እውነተኛው ፈተና የተካሄደው በእኔ መኪና፣ በእኔ ናፍጣ፣ ደንገጎ ላይ ነበር። እንዲህ ዓይነቱን መሣሪያ አንድ ትንሽ ወርክሾፕ ብቻውን ይግዛ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው፤ የከተማው ቶርኖ ቤቶች ሁሉ እየከፈሉ የሚጠቀሙበት አንድ የጋራ መፈተሻ፣ ለምሳሌ በአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ግቢ ውስጥ፣ ቢቆም ግን ለዚህ ሙያ ከብዙ ስብሰባና መግለጫ ይልቅ ይጠቅመዋል። የዋስትና ወረቀቱም ስድስት ወር ወይም 10,000 ኪሎ ሜትር ይላል እንጂ የተለኩትን ቁጥሮች አልያዘም። እኔ ጠይቄ በእጅ አስጽፌአለሁ፤ እናንተም ጠይቁ።

የከፈልኩት፣ ቴስታታውን ጨምሮ፣ ከዱባይ ለመጣ ያገለገለ ሞተር ከተጠየቅሁት ከግማሽ በታች ነው። ከዚያ ወዲህ 14,000 ኪሎ ሜትር ሄጃለሁ፤ በሁለት ዘይት ቅያሪ መካከል ዘይት ጨምሬ አላውቅም፤ ደንገጎንም ሙሉ ጭነት ይዤ ያለ ጭስ እወጣዋለሁ። ወደዚያ የምትሄዱ ሞተራችሁን ሌላ ቦታ ሳታስፈቱ ሙሉውን ውሰዱ፤ የተቀላቀለ ብሎንና የጠፋ ክፍል ሥራውን ያዘገያል። በሩ የሚከፈተው በማለዳ ነው፤ በቀትር ተዘግቶ ፀሐዩ ሲበርድ እንደገና ይከፈታል።

የተቧጨረውን ዘንግ ልወስድ ስል ባለቤቱ እንድተውለት ጠየቀኝና ከሒሳቡ ጥቂት ብር ቀነሰልኝ። ተለማማጁ የቆርቆሮ ቁጥሩን አስሮ፣ ግሪስ ቀብቶ መደርደሪያው ላይ አቆመው። «ይፈገፈጋል፤ ላዩን መልሶ የሚያጠነክር ምድጃ ድሬ እስኪመጣ ግን እዚህ ይቆይ» አለኝ ባለቤቱ።