ቫዝሊን፣ ግሊሰሪን ወይስ ሎሽን፦ ለየትኛው ቆዳ የትኛው?

ፒያሳ ወይም ሜክሲኮ አንድ ኮስሞቲክስ ቤት ገብተው «ለፊት የሚሆን ቅባት» ቢሉ ብዙ ጊዜ የሚቀርብልዎ ከእነዚህ ሦስቱ አንዱ ነው። ሦስቱም ያለሰልሳሉ ይባላል፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው።

ከመግዛትዎ በፊት ቆዳዎን ይለዩ። ፊትዎን ለብ ባለ ውኃ ታጥበው ምንም ሳይቀቡ አንድ ሰዓት ይቆዩ። ከዚያ ሶፍት ግንባር፣ አፍንጫና ጉንጭ ላይ ጫን አድርገው ያንሱት። ሁሉም ቦታ ወዝ ከያዘ ቆዳዎ ወዛም ነው፤ ግንባርና አፍንጫ ላይ ብቻ ከሆነ ድብልቅ፤ ሶፍቱ ደርቆ ፊትዎ ወጠር ካለ ደረቅ።

ቫዝሊን ለቆዳ ውኃ አይሰጥም። እንደ አክንባሎ ነው፦ ከሥሩ ያለው እርጥበት እንዳይወጣ ያፍናል። ስለዚህ በደረቀ ፊት ላይ ቢለቀለቅ የሚከድነው ነገር የለም። ታጥበው ውኃው ሳይደርቅ የአተር ፍሬ የምታህል ይበቃል። ለደረቅ ቆዳና ለተሰነጠቀ ተረከዝ ከውድ ክሬሞች አያንስም። ወዛም ፊት ላይ ግን ከብዶ ያብለጨልጫል፤ ለከንፈር ብቻ ያስቀሩት።

ግሊሰሪን ተቃራኒው ነው፤ ውኃ ይስባል። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በበጋ፣ በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ የአዲስ አበባ አየር ደረቅ ስለሆነ ያልተበረዘ ግሊሰሪን ከአየር የሚስበውን ሲያጣ ከቆዳው ከራሱ ይስባል። «ግሊሰሪን አደረቀኝ» የሚባለው ለዚህ ነው። መዳፍ ላይ 2 ጠብታ ግሊሰሪን ከ6 ጠብታ ውኃ ጋር ቀላቅለው እርጥብ ፊት ላይ ይቀቡት፤ ደረቅ ቆዳ ካለዎ ከላይ ስስ ቫዝሊን ይደርቡ። በጠርሙስ በርዞ ማስቀመጥ ግን ጥሩ አይደለም፤ ውኃ የገባበት ነገር ቶሎ ይበላሻል።

ሎሽን ውኃና ዘይት የተዋሃዱበት፣ አብዛኛውን ጊዜም ግሊሰሪን ያለበት ነው። ለድብልቅ ቆዳ የምንመርጠው እሱን ነው፤ ማታ ጉንጭ ላይ ብቻ ቫዝሊን ይጨመርበታል። ለወዛም ቆዳ ጄል የሚመስለው ቀላል ዓይነት ይሻላል። ቆዳዎ ቶሎ የሚቆጣ ከሆነ ሽቶ ያለበትን የገላ ሎሽን ፊት ላይ አያድርጉ።

ከሦስቱ አንዱም ከፀሐይ አይከላከልም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ብርዱ ቢያታልልም ፀሐይዋ ጠንካራ ናት። ኤስፒኤፍ (የፀሐይ መከላከያ መጠን) 30 ወይም ከዚያ በላይ ያለው ሰንስክሪን፣ በሁለት ጣት ላይ በርዝመታቸው ልክ ጨምቀው፣ ለፊትና ለአንገት ይቀቡ።

አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንለምናለን። «በሳምንት ፊት ያቀላል» የሚባለውን ክሬም አይግዙ። ማሸጊያው ላይ ክሎቤታሶል፣ ሃይድሮኪኖን ወይም ሜርኩሪ የሚል ካዩ ይመልሱት፤ ምንም ያልተጻፈበት ደግሞ የባሰ ነው። ክሎቤታሶል ጠንካራ የስቴሮይድ መድኃኒት ነው፤ መጀመሪያ ፊትን ያጠራል፣ ቆይቶ ቆዳውን ያሳሳል፤ ሲተውት ፊት ቀይ ይሆናል፣ ብጉርም ያወጣል። ለወራት ሲቀቡት ከቆዩ በራስዎ በድንገት ከማቆም ይልቅ ማሸጊያውን ይዘው የቆዳ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።