ለልጄ ቀኝ እጅ ለደረሰችልን የደሴ ፊዚዮቴራፒስት

የበኩር ልጄን ከአንድ ቀን በላይ አምጬ ነው የተገላገልኩት፤ በመጨረሻም በመሳሪያ ተስቦ ወጣ። በማግሥቱ ቀኝ እጁ ብቻ እየቆየ ሲንቀጠቀጥ አይቼ ለተረኛዋ ባሳያትም «ብርድ ነው፣ ሸፍኚው» ብላ መለሰችኝ። ስድስት ወር ሲሞላው ሁሉን በግራው ይይዛል፤ ቀኙን ጨብጦ ይተወዋል። ሌላ ቦታ ብወስደው «ግራኝ ነው» አሉኝ፤ ሌላው ጋ ደግሞ «በደንብ ስላላማጥሽ ነው» ተባልኩ። ይህችን ቃል ለባለቤቴ እንኳ ሳልነግር ለወራት ይዤያት አደርኩ።

በጎረቤቴ ጥቆማ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ፣ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ወደምትሠራ ፊዚዮቴራፒስት (በአካል እንቅስቃሴ የምታክም ባለሙያ) ወሰድኩት። ልጁን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ግራ እጁን በመዳፏ ሸፈነችና በቀኙ በኩል የቤቷን ቁልፎች አንጠልጥላ፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ በር ላይ ቆሞ ሳለ፣ ዝም ብላ ጠበቀችው። የተጨበጡት ጣቶች ቀስ እያሉ ተፈቱና ቁልፉን ነኩ። «ዓመት ያልሞላው ልጅ እጅ አይመርጥም፤ ከመረጠ መታየት አለበት» ብላ የዚያኑ ዕለት ወደ ሐኪም ላከችን፤ ምርመራውም ቀኝ እጅን በሚያዝዘው በግራ አንጎሉ በኩል ስትሮክ (የአንጎል ደም ሥር መዘጋት ወይም መፍሰስ) እንደነበረ አሳየ።

ስትሮክ የሽማግሌ በሽታ ይመስለኝ ነበር። እርሷ ግን ገና በማሕፀን ሳለም ሆነ ከተወለደ እስከ 28 ቀን ባለው ጊዜ ሕፃን ሊያገኘው እንደሚችል አስረዳችኝ። የተራዘመ ምጥ፣ የእንሽርት ውሃ ፈስሶ መቆየት፣ ኢንፌክሽን፣ በመሳሪያ መወለድ ከዚህ ጋር አብረው ይታያሉ፤ ሆኖም የአንዱን ልጅ ስትሮክ ያመጣው ይህ ነው ብሎ መናገር አይቻልም፤ የብዙዎቹ መንስኤ ጨርሶ አይታወቅም። ከዚያ እጄን ይዛ «እህቴ፣ ይህ ስላላማጥሽ የመጣ አይደለም» አለችኝ። እዚያው አለቀስኩ፤ አላስቸኮለችኝም።

የግራ እጁን በካልሲ ሸፍኜ ቀኙን እንዴት እንደማጫውት ያስተማረችኝም እርሷ ናት። አሁን ዳቦውን በቀኙ ይዞ ይገምጣል። አላህ ወሮታዋን ይክፈላት።

የደሴና የኮምቦልቻ እናቶች፣ አራስ ልጃችሁ በአንድ ጎኑ ከተንቀጠቀጠ የስትሮክ ምልክት ሊሆን ይችላልና «ብርድ ነው» ቢሏችሁም እሺ ብላችሁ አትመለሱ፤ ሳታድሩ ሐኪም ጋ ውሰዱት። አንድ እጁን የሚተው ልጅ ያላችሁ ደግሞ እባካችሁ እርሷ ጋ ሂዱ። ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፤ ካስፈለገም ራሴ ይዣችሁ እሄዳለሁ።