ቪትዝ ጣሪያ ላይ ሁለት ብስክሌት፦ ከበጋ እስከ ክረምት የተጠቀምኩበት መጫኛ

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጠው። ጣሪያዋ ልሙጥ የሆነች ትንሽ መኪና ላለውና ቅዳሜና እሑድ ከከተማ ወጣ ብሎ ብስክሌት መንዳት ለሚወድ ሰው፣ የጣሪያ መጫኛ የሚያስቆጭ ወጪ አይደለም። ሊገዛ የሚሄድ ሰው ግን ዓይኑ የሚያርፈው ብስክሌቱ የሚቆምበት አሸንዳ ላይ ነው። ወሳኞቹ መኪናዋን ቆንጥጠው የሚይዙት አራቱ እግሮች ናቸው። እግሩ ለመኪናው ልክ ከሆነ ርካሽ አሸንዳም ያገለግላል፤ ልክ ካልሆነ የቱንም ያህል ውድ አሸንዳ ቢሆን አያድናችሁም።

የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። መኪናችን ባለ አምስት በር ቶዮታ ቪትዝ ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2005 የተመረተችው የመጀመሪያዋ ሞዴል፣ ሞተሯ አንድ ሊትር። መሀል ከተማው በብስክሌት በኩል ብዙ ተሻሽሏል፤ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር ተሠርቷል፣ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው»ም ብዙ ልጆችን ብስክሌት አስለምዷል። ዳር ላይ ለምንኖር ግን ነገሩ ሌላ ነው። በለገጣፎ በኩል ያለው መንገድ በጭነት መኪናና በሚኒባስ የተጨናነቀ ስለሆነ ልጄን አስከትዬ በብስክሌት አልወጣበትም። ስለዚህ ብስክሌቶቹ በመኪና ወደሚነዱበት ቦታ መድረስ አለባቸው። የእኛ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ በአዲሱ ገበያና በጎጃም በር አልፈን የምናገኘው የሱሉልታ ሜዳ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ነው፤ ጠዋት ጠዋት አትሌቶች ይሮጡበታል፤ ከአስፋልቱ ዳር ገባ ሲሉ ጸጥ ያለ ፒስታ መንገድ ሞልቷል።

ከዚህ በፊት የኋላውን ወንበር አጥፈን አንዱን ብስክሌት ውስጥ እናስገባ ነበር። የፊት ጎማው ይፈታል፣ የሰንሰለቱ ቅባት የወንበሩን ጨርቅ ይነካል፣ ከሁሉ በላይ ግን ብስክሌት ከገባ ለሰው ቦታ አይተርፍም። ከኋላ በር ላይ በቀበቶ የሚንጠለጠለውን ዓይነትም አየሁት። ቪትዝ ላይ ሲታሰር ታርጋውን፣ ፍሬቻውንና የፍሬን መብራቱን ይሸፍናል። ሲመሽ የሲሚንቶ መኪና ከኋላዬ በሚከተልበት መንገድ ላይ የፍሬን መብራት የተሸፈነበት መኪና መንዳት አልፈልግም። የጣሪያው ዓይነት ከኋላ ምንም አይሸፍንም፤ ለእኔ ምርጫውን የዘጋው ይህ ነው።

የቪትዝ ጣሪያ ላይ ብረት የሚያያዝበት ሐዲድም ሆነ የብሎን ቀዳዳ የለም። አሸንዳዎቹን የሚሸከሙትን፣ በጣሪያው ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የሚዘረጉትን ሁለት አግዳሚዎች ለመግዛት ሱማሌ ተራ ስሄድ አንድ ሻጭ «ጋሼ፣ ይሄኛው ለሁሉም መኪና ይሆናል» ብሎ አንድ ጥንድ አወጣልኝ። ለሁሉም የሚሆን እግር የሚባል ነገር የለም። እያንዳንዱ መኪና የበሩ አናት የሚታጠፍበት ማዕዘን የተለየ ነው፤ ከእግሩ ሥር የሚገባው ጎማና ከበሩ አናት ሥር የሚነክሰው የብረት ቆንጣጭ ለዚያ ማዕዘን ተብሎ ነው የሚሠራው። ሠፈር ያለ በያጅም በአርኤችኤስ ብረት (ውስጡ ባዶ በሆነ ባለ አራት ማዕዘን ቱቦ) ሠርቶ ሊገጥምልኝ ጠይቆኝ ነበር፤ እጁ ጎበዝ ነው፣ በር ሲሠራ አይቼዋለሁ። ግን ብረቱ ብቻውን የአንድ ሰው ሸክም ያክላል፣ የሚያርፈውም ስስ ላሜራ ላይ ነው። በመጨረሻ ቆንጣጩን በመኪናዋ ሞዴልና ዓመተ ምሕረት አስፈልጌ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ አስመጣሁት፤ አግዳሚዎቹንና ሁለቱን አሸንዳዎች እዚሁ አሟላሁ። ዋጋ አልጽፍም፤ ይህን ስታነቡ ተለውጦ ይሆናል።

አገጣጠሙን ቀረብ ብላችሁ እዩልኝ። አራቱም በሮች ይከፈታሉ። የበሩ አናት ላይ፣ የበሩ ማሸጊያ ጎማ ከሚነካው ጠርዝ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ቆንጣጩ የሚያርፍበት ቦታ በእርጥብ ጨርቅ ከዚያም በደረቅ ይወለወላል። ይህን እንደ ዋዛ አትለፉት፤ የእኛ ሠፈር አቧራ እግሩ ሥር ከገባ መኪናዋ በተንቀጠቀጠች ቁጥር ቀለሙን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። እኔ ከእግሩ ሥር ቀለም የሚጠብቅ ግልጽ ፕላስቲክ ለጥፌበታለሁ። ከዚያ እግሩ ይቀመጣል፣ ቆንጣጩ ይነክሳል፣ ብሎኑ በብሩጎላ ቁልፍ ግራና ቀኝ እየተፈራረቀ ትንሽ ትንሽ ይጠብቃል። አንዱን ወገን ጨርሶ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ አግዳሚውን ወደ አንድ ጎን ይስበዋል። በመጨረሻ በሩ ሲዘጋ ድምፁ እንደ ወትሮው መሆን አለበት። ከበድ ካለ ወይም ሁለቴ ማላተም ካስፈለገ ቆንጣጩ የበሩን ማሸጊያ ጎማ እየተጫነው ነው፤ ክረምት ሲገባ በዚያው ቦታ ውኃ ያስገባል።

የእኔ መመሪያ በሁለቱ አግዳሚዎች መሀል ቢያንስ 70 ሳ.ሜ. ይፈልጋል። ባለ አምስት በሯ ላይ የኋላው አግዳሚ የኋላ በር አናት ላይ ስለሚያርፍ ይህን ማግኘት አያስቸግርም፤ ባለ ሦስት በር ያላችሁ ግን ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ።

ክብደቱን ወረቀት ላይ ደምሩት። የትንንሽ መኪኖች የጣሪያ ገደብ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 75 ኪ.ግ. ነው፤ የመኪናችሁን መመሪያ እዩ፣ ከሌላችሁ ዝቅተኛውን ያዙ። ገደቡ መጫኛውንም ይጨምራል። አግዳሚና እግር 5 ኪ.ግ. ገደማ፣ ሁለቱ አሸንዳዎች 8፣ ሁለት ተራ የተራራ ብስክሌቶች 28፤ በድምሩ 41። ሦስተኛ ብስክሌት ቦታ ቢኖረውም አልጭንም። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ደግሞ አንዱ ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ኪ.ግ. በላይ ስለሚሆን ብዙዎቹ አሸንዳዎች አይፈቅዱትም።

የመረጥኩት አሸንዳ ሁለቱንም ጎማዎች እንዳሉ አስቀምጦ ፍሬሙን በክንድ የሚይዘውን ዓይነት ነው። የፊት ጎማ ተፈትቶ በፎርክ የሚታሰረው ዓይነት ዝቅ ስለሚል ነፋሱ ይቀንሳል፤ ግን የተፈታው ጎማ እንደገና መኪና ውስጥ ይገባል፣ ከእሱ ለመገላገል ነበር መጫኛ የገዛነው። የባለቤቴ ብስክሌት የላይኛው ቱቦ ዝቅ ያለ ስለሆነ ክንዱ የሚጨብጠው ቦታ መጀመሪያ አልተገኘም፤ ከወንበሩ ዘንግ እስከ መሪው ግንድ የሚዘረጋ ተጨማሪ ዘንግ ተገዝቶ ተስተካከለ። የካርቦን ፍሬም ያለው ሰው ይህን ዓይነት ክንድ አይጠቀም፤ ጭበጣው ሊሰነጥቀው ይችላል።

መጫኑ ለእኔ ቀላል ነው። ለአጭር ሰው ግን የመኪናዋ ጣሪያ 1.5 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ 14 ኪሎ ብስክሌት ከዚያ በላይ ማንሳት ጉልበት ይጠይቃል። ባለቤቴ ትንሽ በርጩማ ኋላ ሻንጣ ውስጥ አስቀምጣ በእሱ ላይ ቆማ ትጭናለች። በበሩ ደፍ ላይ ቆመው የሚጭኑ አሉ፤ ጭቃ ባለበት ያዳልጣል፣ አልመክርም።

አሁን መንገዱ። ከቤታችን እስከ ዋናው አስፋልት ኮብልስቶን ነው፤ ሱሉልታ ደርሰን ከአስፋልት ስንወርድ ደግሞ ፒስታ። መጫኛው በዚህ ንዝረት ይላላል፤ ይህ የዕቃው ጉድለት ሳይሆን የብሎን ባሕርይ ነው። አዲስ ሲገጠም ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች በኋላ ቆም ብሎ እንደገና ማጥበቅ ግድ ነው፣ ጎማው እየተጨመቀ ቦታውን ስለሚይዝ። ከዚያ በኋላ በየጉዞው አዲሱ ገበያ ስንደርስ ቆመን አራቱንም እግር በእጄ እነቀንቃለሁ። ኋላ ግራው ሁልጊዜ ቀድሞ ይላላል። የአሸንዳዎቹ ዳዶዎች ሥር ሮንዴላ ጨምሬ፣ ዳዶዎቹንም የናይለን ቀለበት ባለው ዳዶ ቀየርኳቸው፤ ከዚያ ወዲህ አልላሉም። እግሮቹን ግን እንዳሉ ተውኳቸው፣ በሠሪው ልክ ብቻ ነው የሚጠብቁት። የብሩጎላ ቁልፏ ክሩስኮት ውስጥ ትቀመጣለች።

ነፋሱን ንቄ እሄዳለሁ የሚል ካለ ሱሉልታን ከሰዓት በኋላ ይሞክራት። ሜዳው ገላጣ ነው፤ ነፋሱ ከጎን ሲመጣ ሁለቱ ብስክሌቶች እንደ ሸራ ይቀበሉትና መሪው እጃችሁ ላይ ይታወቃችኋል። ከደርባ አቅጣጫ የሚመጣ የሲሚንቶ መኪና ፊት ለፊት ሲያልፍ ደግሞ መጀመሪያ ይገፋል፣ ወዲያው ይስባል። በዚህ ሁሉ መጫኛው ነቅነቅ አላለም፤ እኔ ግን ብስክሌት ከተጫነ ከ70 ኪ.ሜ. በሰዓት አላልፍም። የነፋስ ግፊት በፍጥነቱ ስኩዌር ነው የሚጨምረው፤ ከ60 ወደ 80 ሲወጣ እጥፍ ሊሆን ትንሽ ይቀረዋል። ቤንዚኑም በዚያው ይሄዳል። ወደ ጎጃም በር ሽቅብ ሲወጣ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመርበታል፦ በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። አራት ሰውና ሁለት ብስክሌት የያዘች አንድ ሊትር ቪትዝ ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ትወጣለች፤ ትወጣለች ግን።

ብስክሌት ሳይኖር አግዳሚዎቹ ባዶ ሲሆኑ የሚያስቸግረው ፉጨቱ ነው። ነፋሱ አግዳሚውን ሲያልፍ ከኋላው ከላይና ከታች እየተፈራረቀ ይሽከረከራል፤ እኩል እየመታ ሲደጋገም ድምፅ ይሆናል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ የፊተኛው አግዳሚ ላይ ቀጭን ገመድ አራርቆ መጠምጠም። ምቱ ይበተንና ፉጨቱ ይጠፋል። እኛ ቤት የልብስ ማስጫ ገመድ ነው ያገለገለው። ያም ሆኖ በሳምንቱ መሀል ብስክሌት የማይጫን ከሆነ ማውረዱ ይሻላል፤ እጅ ከለመደ ሻይ እስኪፈላ ያልቃል።

ከሁሉ ነገር በላይ እንድትጠነቀቁ የምፈልገው ከፍታውን ነው። መኪናዋ፣ መጫኛውና ብስክሌቱ ሲደመሩ 2.7 ሜትር ያህል ይሆናሉ። የገበያ ማዕከሎች የምድር ቤት ማቆሚያ ብዙውን ጊዜ ከዚህ በታች ነው። በአዳዲስ ሠፈሮች በሁለት እንጨት መሀል ረግቦ የተዘረጋ የመብራት መስመር አለ፤ የግቢ በር ላይ የተበየደ አግዳሚ አለ፤ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ አለ። መኪና ውስጥ ተቀምጦ ደግሞ ጣሪያ ላይ ያለው ነገር አይታይም። ስለዚህ ብስክሌት በተጫነ ቁጥር የመኪናዋ መሪ ላይ ቀይ ጨርቅ እናስራለን፤ ጨርቁ የሚፈታው ብስክሌቶቹ ከወረዱ በኋላ ብቻ ነው። የኮንዶሚኒየማችን ጥበቃም ነገሩን ስለለመዱት ስንገባ ቀና ብለው ያያሉ፤ «ቀስ በል ልጄ፣ ሽቦው ረግቧል» ብለው ያስቆሙን ጊዜ አለ።

ከአንድ ክረምት በኋላ ያየሁት ይህ ነው። ቆንጣጮቹ ላይ ዝገት የለም። የብሎኖቹ አናት ዝጓል፤ ግሪስ መቀባት ያስፈልጋል። ከኋላ ግራው እግር ሥር ፕላስቲኩን ሳነሳ ቀለሙ ፀጉር በምታክል መስመር ደብዝዟል፣ ሌሎቹ ሦስቱ ንጹሕ ናቸው። ጎማ ማሰሪያ ቀበቶዎቹን የጎዳው ዝናቡ ሳይሆን የበጋው ፀሐይ ነው፤ በዚህ ከፍታ ፀሐዩ ብርቱ ነውና ጥቁሩ ፕላስቲክ ነጣ ብሎ ደርቋል፣ አንዱ ጥርሱ ላይ መሰንጠቅ ጀምሯል። ደካማው ክፍል ይህ ነው። መኪናዋ ላቫጆ ስትገባ ደግሞ ግፊት ያለው ውኃ በቁልፍ ቀዳዳዎቹ እንዳይገባ ለልጆቹ መንገር ያስፈልጋል፤ ጭቃ ከገባበት ቁልፉ ይነክሳል። በቁልፉ ላይ ብዙ አትተማመኑ፤ ትንሽ ነው። ስንቆም ብስክሌቶቹ በሚታዩበት ቦታ እናቆማለን፣ ሁለቱን ፍሬሞች ከአግዳሚው ጋር በወፍራም ሰንሰለት እናስራለን።

ያገለገለ መጫኛ የምትገዙ ከሆነ እግሮቹን ገልብጣችሁ ጎማቸውን በጥፍር ተጫኑት፤ ከደረቀ ዕቃውን ተዉት። ቆንጣጮቹ አራት መሆናቸውን፣ የፊትና የኋላው መለየታቸውን እዩ፤ ብዙ ጊዜ ቅርጻቸው አንድ አይደለም። ቀበቶ ምትክ ይገኝለት እንደሆነ ጠይቁ። ቁልፉ ላይ የተቀረጸ ቁጥር ካለ ጽፋችሁ ያዙ፣ ቢጠፋ ምትኩ የሚታዘዘው በእሱ ነው። አራቱንም መቆለፊያ ደግሞ ሻጩ ፊት ክፈቱና ዝጉ።