የአትክልት ማጠቢያው የኦዞን ማሽን በኬሚስትሪ መምህር ዓይን

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ውስጥ «አትክልት ከጀርም ያጸዳል» እየተባለ የሚሸጠውን ትንሽ የኦዞን ማሽን በ4,200 ብር ገዛሁት፤ ኦዞን ሦስት የኦክስጅን አቶሞች ያሉት ጋዝ ነው። ሻጩ «መምህር፣ ጎመኑን ለባለቤትዎ ያጥብልዎታል» ቢለኝም ሐሳቤ ሌላ ነበር፤ ባሕር ኦዞንን ከአየር እንዴት እንደሚወስድ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ማሳየት።

ለጎመኑ አላመሰግነውም። ኦዞን በንጹሕ ውሃ ብዙ አይሟሟም፤ አረፋው ሲፈነዳ አብዛኛው ጋዝ ወደ ክፍሉ ይበተናል፣ ጉሮሮም ይከረክራል። የዓለም ጤና ድርጅት በስምንት ሰዓት አማካይ በኪዩቢክ ሜትር አየር ከ100 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። የማሽኑ መመሪያ ግን «መስኮት ክፈቱ» እንኳ አይልም፤ ይህ አናዶኛል።

ለክፍል ግን ዋጋውን አስመልሷል። በአንዱ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ፣ በሌላው ፖታሲየም አዮዳይድ የተባለው የአዮዲን ጨው የሟሟበት ውሃ አድርጌ ቱቦውን በየተራ ነከርኩት። ከመጀመሪያው የኦዞን ጠረን ይወጣል። ሁለተኛው ቢጫ፣ ቀጥሎም ቡናማ ይሆናል፣ ጠረኑም ከሞላ ጎደል ይጠፋል፤ ኦዞኑ አዮዳይዱን ወደ አዮዲን ሲለውጥ ራሱ አለቀ ማለት ነው። ስታርች ጠብ ሲደረግበት ጠቆረ፣ ክፍሉም ተንጫጫ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኦዞንን ያገኘው ኬሚስት ሾንባይንም የአየሩን ኦዞን የለካው በእነዚሁ በአዮዳይድና በስታርች በተነከረ ወረቀት ነበር።

ባሕሩም የሚሠራው ይህንኑ ነው፣ በእጅጉ በቀጠነ መጠን። በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ገጽ ላይ ያለው አዮዳይድ ከአንድ ሚሊግራም መቶኛ ብዙም አይርቅም። የአዮዳይድ ዘመድ የሆነው ብሮማይድ በሺህዎች እጥፍ ይበልጠዋል፤ ሆኖም ከኦዞን ጋር የሚገጥመው እጅግ በዝግታ ነው። ሥራው ሁሉ የሚያልቀው ከፀጉር በቀጠነ የላይኛው ንጣፍ ውስጥ ነው። ደን በስፋት ልክ ሲታይ ከባሕር ከአሥር እጥፍ በላይ ፈጥኖ ኦዞን ይወስዳል፤ ባሕር ግን የምድርን 71 በመቶ ስለሚሸፍን ድርሻው አይናቅም።

አንዷ ተማሪ «የጅቡቲ ባሕርም እንዲሁ ነው?» አለች። እንዲያውም በሞቃታማ ባሕሮች ገጽ ላይ አዮዳይዱ ከቀዝቃዛዎቹ ይበዛል። የሚወጣው አዮዲን ደግሞ ወደ አየር ተመልሶ ተጨማሪ ኦዞን ያጠፋል። ይህን በብርጭቆ ማሳየት አልተቻለኝም፤ በሰሌዳ ላይ ሣልኩት።

ይህን የምትሞክሩ መምህራን በገበታ ጨው አትድከሙ። በእኛ ጨው ውስጥ ያለው አዮዴት ነው፤ አስቀድሞ ኦክስጅን ስለያዘ ከኦዞን ጋር ጉዳይ የለውም። የላብራቶሪ አዮዳይድ ፈልጉ። አብሮ የሚመጣውን የጎማ ቱቦ ኦዞኑ ራሱ ይሰነጥቀዋል፤ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን የሲሊኮን ቱቦ ጠይቁት፣ ለእኔ ያለ ጭማሪ ሰጥቶኛል።