በዘንግ ላይ የሚታሰረው የክር ቆጣሪ፦ በጊቤ ዳር ተሞክሮ

ጅማ ሄርማታ መርካቶ፣ ገመድና መንጠቆ ከሚሸጥ አንድ ሱቅ የገዛሁት ይህ የዓሣ ማጥመጃ ክር ርዝመት ቆጣሪ በመዳፍ ውስጥ የሚገባ የፕላስቲክ ዕቃ ሲሆን፣ ክሩ ከሚጠቀለልበት ሪል ፊት ለፊት በማጥመጃው ዘንግ ላይ በጎማ ማሰሪያ ይታሰራል። ክሩ ከሪሉ ወጥቶ በሁለት ትንንሽ መዘውሮች መካከል ያልፋል፤ አንደኛው በሞላ ተገፍቶ ክሩን ሲጫን፣ ጎማ የለበሰው ሌላኛው ደግሞ ከክሩ ጋር እየዞረ በመስኮቱ የሚታዩትን ሦስት አኃዞች ያንቀሳቅሳል። በጎኑ ያለችው ቁልፍ ስትጫን ሁሉም ወደ ዜሮ ይመለሳሉ። ባትሪ አይፈልግም፤ ዝናብ በማይጠፋበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ብዙዎቻችን የክሩን ርዝመት የምንገምተው የሪሉን እጀታ ስንት ጊዜ እንዳዞርን በመቁጠር ነው። ይህ ዘዴ የሚያሳስተው ክሩ በወጣ ቁጥር ጥቅሉ እየቀጠነ ስለሚሄድ ነው። የጥቅሉ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 4.5 ሳንቲ ሜትር ሲሆን አንድ ዙር 14 ሳንቲ ሜትር ገደማ ክር ይወስዳል፤ ጥቅሉ ወደ 3.5 ሳንቲ ሜትር ሲወርድ ግን አንዱ ዙር ከ11 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። እጀታው አንድ ጊዜ ሲዞር ክሩን 5 ጊዜ በሚጠቀልል ሪል 100 ጊዜ ያዞረ ሰው፣ በመጀመሪያው ሁኔታ 70 ሜትር፣ በሁለተኛው ደግሞ 55 ሜትር ብቻ ሰብስቧል ማለት ነው። ቆጣሪ ተገጥሞላቸው የሚሸጡት ውድ ሪሎችም የሚቆጥሩት የጥቅሉን ዙር በመሆኑ፣ ፋብሪካው ባሰበው የክር ዓይነት እስከ አፋቸው ካልተሞሉ በስተቀር ከዚህ ስሕተት አያመልጡም። በዘንግ ላይ የሚታሰረው ግን የሚለካው በመዘውሩ ሥር ያለፈውን ክር ራሱን ስለሆነ የጥቅሉ መወፈርና መቅጠን አይመለከተውም። የገዛሁትም በዚህ ምክንያት ነው።

ሻጩ ቀደም ብሎ «ጋሼ፣ በሜትር አይደለም የሚቆጥረው» ብሎ ስለነገረኝ አመሰግነዋለሁ፤ ማሸጊያው ላይ ይህ በግልጽ አልተጻፈም። ቁጥሩ በጫማ ነው፤ አንዱ ጫማ 30.48 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ 50 ሜትር ክር 164 ላይ መቆም አለበት። ግንበኞች በሚጠቀሙበት የ50 ሜትር መለኪያ ሜዳ ላይ ዘርግቼ ሳመሳክረው፣ ደረቅ የናይለን ክር ከዚህ ቁጥር የራቀው በጥቂት ጫማ ብቻ ነበር። የተጎነጎነው ክር ግን፣ በተለይ እርጥብ ሲሆን፣ መዘውሩን ሳያዞር ይንሸራተትና ቆጣሪው ከእውነተኛው ርዝመት ያነሰ ያሳያል። በ1996 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ ዳር፣ ክረምት ላይ ውኃው አፈር ተሸክሞ ሲደፈርስ፣ ክሩ ይዞት የሚመጣው ደቃቅ ጭቃ በጎማው ላይ ስለሚለጠፍ ችግሩ ይብሳል። ጎማውን በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ያሻሽለዋል እንጂ ፈጽሞ አያድነውም።

መንጠቆ እየወረወሩ ለማጥመድ ዕቃው አይመችም፤ መዘውሮቹ ክሩን ስለሚይዙት ክሩ ላይ የታሰረው የእርሳስ ክብደት ሩቅ አይሄድም፣ ስለዚህ ከመወርወር በፊት ክሩን ከመዘውሩ ማውጣት ግድ ይላል። ከጀልባ ላይ ክር ወደ ታች ለሚለቅ ሰው ግን መንጠቆው በምን ያህል ጥልቀት እንዳለ ይነግረዋል፤ ቆሮሶ የነካበትን ጥልቀት ያወቀ ደግሞ በድጋሚ እዚያው ያወርዳል።

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ቤት ውስጥ፣ ሪል በምሞላበት ጊዜ ነው። ሪሉ ላይ 0.30 ሚሊ ሜትር፣ 200 ሜትር ተብሎ ከተጻፈ፣ 0.35 የሆነ ክር ግን የሚይዘው 147 ሜትር ገደማ ነው፤ የሚይዘው ርዝመት በክሩ ውፍረት ካሬ ልክ ይቀንሳልና። ይህን ሳያውቁ አንድ ትልቅ አምባዛ ክሩን እየጎተተ ሲሄድ ምን ያህል እንደቀረ መገመት ከባድ ነው። አሁን ሪሉን ስሞላ ከቆጣሪው ያነበብኩትን ወደ ሜትር እለውጥና፣ ከክሩ ውፍረትና ከተሞላበት ወር ጋር በሪሉ እግር ላይ በተለጠፈ ነጭ ፕላስተር እጽፈዋለሁ፤ ክር ተበጥሶ በጠፋ ቁጥርም እቀንሳለሁ። አኃዞቹ ሦስት ብቻ በመሆናቸው ከ999 በኋላ ወደ ዜሮ እንደሚመለሱ መዘንጋት የለበትም፤ 300 ሜትር 984 ስለሚሆን ለጥቂት ይተርፋል፣ የ500 ሜትር ጥቅል ግን ዞሮ ስለሚያልፍ 1000 ጨምሮ ማንበብ ያስፈልጋል።

ዋጋው ከአንድ ጥቅል ደኅና ክር ብዙም አይበልጥም። የጎማ ማሰሪያው ግን ቀጭን ነው፤ ፀሐይ ላይ ከቆየ መሰንጠቁ ስለማይቀር መለዋወጫውን አብሮ መጠየቅ ይገባል። የሚገዛ ሰው ከመክፈሉ በፊት መዘውሩን በጣቱ አዙሮ አኃዞቹ ሳይዘሉ መከታተላቸውን፣ በተለይም ከ099 ወደ 100 ሲያልፉ ሦስቱም እኩል መገልበጣቸውን ይይ፤ እኔ መጀመሪያ ያነሣሁት እዚያ ላይ ስለተያዘ ሌላ አስቀይሬያለሁ።