ለሲና ተራራው መሪያችን

ደብረ ሲና ወጥተን ወረድን። የሸዋዋን ማለቴ አይደለም፤ ሙሴ ጽላቱን የተቀበለባትን፣ ግብፅ ያለችውን። ጉልበቷን የሚያማት አክስቴ 2,285 ሜትር ከፍታ ላይ ቆማ ፀሐይ ስትወጣ ያየችው በመሪያችን ነው። እግዜር ይስጠው፤ ይህን የምጽፈውም ለእሱ ነው።

እዚያ ተራራ ያለ መሪ አይወጣም። መሪዎቹ ጀበሊያ የሚባለው ጎሣ በደዊኖች (የበረሃ ሰዎች) ናቸው። አባቶቻቸው በ6ኛው ክፍለ ዘመን ከተራራው ሥር ያለውን የቅድስት ካትሪንን ገዳም እንዲጠብቁ በቢዛንታይኑ (የምሥራቅ ሮም) ንጉሥ በዮስጢንያኖስ የተላኩ ናቸው ይባላል። የእኛው ሰው ተራራውን እንደ ጓሮው ያውቀዋል።

ጉዞ የጀመርነው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ግድም ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እሱ ግን አክስቴን ገና ከመነሻው «ጃኬትሽን አውልቂ» አላት። ዐረብ አገር ብዙ ስለኖረች በዐረብኛ ተሟገተችው። «ያ ሐጃ፣ ለብሰሽ ከወጣሽ ያልብሻል፤ ስትቆሚ ደግሞ ላቡ ይቀዘቅዝብሻል» አላት። እውነቱን ነበር። ሻይ ቤት በደረስን ቁጥር፣ ገና ሳትቀመጥ ጃኬቷን ያቀብላታል። («ሐጃ» ዐረቦች ትልቅ ሴትን በአክብሮት የሚጠሩበት ነው፤ አክስቴ መባሉን ደግሞ ወዳዋለች!)

ከፊት ያስቀደመውም እሷን ነው። ሁላችንም በእሷ እርምጃ፣ ሽዋይ ሽዋይ፣ ቀስ በቀስ። ወጣቶቹ ትንሽ አጉረመረሙ። እየሮጡ ያለፉን ሌሎች ቡድኖች ግን ወደ ላይ ስንደርስ መንገድ ዳር ተዘርረው አገኘናቸው። የግመል ባለቤቶች በየመታጠፊያው ሲለማመጧት እሱ አንድም ቀን «ተከራዪ» ብሎ አልጨቀጨቃትም።

ግመልም ቢሆን የመጨረሻዎቹ 750 ደረጃዎች ጋ ሲደርስ ይቆማል። ደረጃ ስላችሁ የሲሚንቶ እንዳይመስላችሁ። ወጣ ገባ ድንጋይ ነው፤ አንዱ ቁርጭምጭሚት፣ ሌላው ጉልበት ድረስ ይመጣል። እዚህ ላይ ከኋላዋ ሆነ። የባትሪው ብርሃን ከእሷ እግር አልተነቀለም፤ እሱ በጨለማ ይረግጣል። መድከሟን ከትንፋሿ ይሰማና፣ ሳትጠይቀው «እረፊ» ይላታል።

ጫፉ ላይ ስለታየው ነገር ፎቶዎቹን እዩ፤ እኔ ቃል የለኝም። ስንወርድ በሌላኛው መንገድ፣ «የንስሐ ደረጃዎች» በሚባሉት በ3,000ዎቹ የድንጋይ ደረጃዎች እንሂድ አልን። እሱ እምቢ አለ። መንገዱ ቢያምርም ቁልቁለቱ ጉልበት ይጨርሳል፤ «ሐጃን ይዤ በዚያ አልወርድም» ብሎ በመጣንበት በግመሉ መንገድ መለሰን።

ለመሄድ ያሰባችሁ፣ ዋጋውን ሳትነሱ ተነጋገሩ። የራስ ባትሪ፣ ውኃና ሞቅ ያለ ልብስ ያዙ፤ በረሃ ነው ብላችሁ ብርዱን እንዳትንቁት። ገዳሙ ለጎብኚ የሚከፈተው ጠዋት ለጥቂት ሰዓት ነው፤ እሑድ ዝግ ስለሆነ ቀን ስትመርጡ አስቡበት። የመሪያችንን ስልክ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ እንድሰጥ ፈቅዶልኛል። ዐረብኛ ባትችሉም በእንግሊዝኛ ትግባባላችሁ።